ዝጎ ከአክስል ጋር የተጣበቀ ኩሽኔታ ሳይጎዳ እንዴት ይወጣል?

የጣና_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። በዘጌ አቅጣጫ ከሐይቁ ዳር አንዲት የብረት ጀልባ አለችኝ። ለቀለምና ለብየዳ ከውኃ የማወጣት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ጭኜ ነው። ተሳቢው ጀልባዋን ሊቀበል ወደ ሐይቁ ሲገባ አክስሉ ጭምር ይሰምጣል። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ከረመና መስከረም ላይ ሳስጎትተው የግራው ጎማ አልዞር አለ፤ መሬቱን እየቦረቦረ ተጎተተ።

ጎማውን ፈታሁ፤ ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካውን ሽቦ) ነቅዬ ዳዶውን ሳወጣ የፊተኛው ኩሽኔታ በእጄ መጣ። ሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን መሃል) በስንት መከራ ሳላቅቀው ግን የኋለኛው ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ከነሮለሮቹ አክስሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ዓይነቱ ሾጣጣ ነው፤ ሮለሮቹ ወደ አንድ ጫፍ እየቀጠኑ የሚሄዱ። አክስሉ ወፈር ከሚልበት ደረጃ ጋር ተጠግቶ ስለተቀመጠ በመካከላቸው ጥፍር እንኳን አይገባም። ቀለበቱና አክስሉ የሚገናኙበትን ዙሪያ ቀይ ዝገት ሞልቶታል። የደረቀውን ግራሶ በጨርቅ ስጠርገው ግን የሮለሮቹ ፊት አሁንም ያብረቀርቃል።

ሰብሮ ማውጣት ቢሆን ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። ማዳን የፈለግሁት ምትክ ስላጣሁ ነው። ቀለበቱ ላይ 7207 የሚል ቁጥር፣ ከጎኑም የሩሲያ ፊደላት ተቀርጸዋል። ከተማ ወርጄ በዚህ ቁጥር ስጠይቅ ያወጡልኝ ኳስ ያለው ኩሽኔታ ነው፤ ከእኔው ጋር በመልክም አይገናኝም። በእጄ ያለው መሣሪያ መዶሻ፣ ባለ ሁለት እግር ፑለር (መሳቢያ)፣ የሽቦ ብሩሽና የከሰል ምድጃ ነው። ቦታው ላይ መብራት የለም። ምን ትላላችሁ?

መዶሻ_ያውቃል

ወንድሜ፣ ለአንድ ቀለበት ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው? ላምባ አፍስስበት፤ ከኋላው መሮ አስገባና አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያፈራረቅህ ደብድበው። ዕድሜዬን ሙሉ ያወጣሁት በዚህ መንገድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ፑለር የሚፈልግ ሰው ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ነው።

ቶርኖ_ሽምብጥ

የጣና ዳር፣ መሮውን እባክህ አስቀምጠው። የኩሽኔታ ብረት እስከ ውስጡ የጠነከረ ብረት ነው፤ የመሮውም አፍ እንዲሁ። ጠንካራ በጠንካራ ሲመታ አንዱ ስንጥር ይወረውራል፤ ስንጥሩ ደግሞ የሚሄደው ወደ ዓይን ነው። መምታት ግድ ከሆነ በመካከል መዳብ ወይም ነሐስ ይግባ፤ መነጽርም ይደረግ። መሮው አክስሉንም ይፈነክተዋል። የፈነከተው ቦታ ላይ የሚነሣው ጠርዝ ቀለበቱን ሲወጣ ይዞ ያስቀረዋል፤ ሊያላቅቁት ሲሉ መልሶ መቆለፍ ማለት ነው።

ኩሽኔታን አድኖ ማውጣት የሚባለው ሥራ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ የምትስበው ኃይል የሚያርፈው በተጣበቀው ቀለበት ላይ ብቻ መሆን አለበት። የውስጡ ከአክስሉ ጋር ከተጣበቀ የውስጡን ያዝ፤ የውጩ ከሞዞው ጋር ከተጣበቀ የውጩን ግፋ። አንዱን ቀለበት ይዘህ ሌላውን ለማስወጣት ከሞከርህ ኃይሉ በሮለሮቹ ወይም በኳሶቹ በኩል ያልፍና ሩጫው ላይ፣ ማለትም ሮለሮቹ ወይም ኳሶቹ በሚሽከረከሩበት የቀለበቱ ፊት ላይ፣ ጥርስ የሚመስል ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ስትገጥመው ግን መንጎርጎር ይጀምራል፤ እዚያው ቦታ ላይም እየተላላጠ ይሄዳል። ያንተ ሾጣጣ ስለሆነ አንድ ሌላ አደጋ ይጨመርበታል። ሮለሮቹን የሚያቅፈው ቆርቆሮ ስስ ነው፤ የፑለሩ እግር እሱን ከያዘ ቀለበቱ ንቅንቅ ሳይል ቆርቆሮው ይቀደዳል።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ። ይህ ጎማ ሞተር የሚያዞረው ጎማ አይደለም፤ አክስሉ ቆሞ ሞዞው ብቻ ነው የሚዞረው። እንዲህ ባለ አክስል ላይ የውስጡ ቀለበት ሲገጠም ብዙውን ጊዜ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ልል ነው። በፕሬስ የገባ አይደለም። ስለዚህ አሁን አንቆ የያዘው ዝገቱ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ቀለበቱ ተንሸራቶ የሚወጣበትን የአክስሉን ገላ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እስኪያበራ ድረስ አጽዳው። ሰው ሁሉ የሚታገለው ከቀለበቱ ጋር ነው፤ ያስቸገረው ግን ከፊቱ ያለው መንገድ ነው። ዝገት ብረቱን ከነበረበት ውፍረት ያሳብጠዋልና በዚያ ላይ የሚጎተት ቀለበት መንገዱን እየፋቀ ሄዶ ግማሽ ላይ ይነክሳል። ከዚያ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም አይልልህም።

ብርጭቆ ወረቀቱን ስትሠራ ሮለሮቹን በጨርቅ ጠቅልል። የአሸዋው ብናኝ እዚያ ከገባ ያዳንኸውን ኩሽኔታ ራስህ ፈጨኸው።

ባለጋሪው

እኛ ሀሙሲት አካባቢ ያለን ባለጋሪዎች የዛገ ብረት ሲያስቸግረን በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ዘፍዝፈን እናሳድረዋለን። በነጋታው ዝገቱ እንደ ጭቃ ይጠረጋል። ሎሚ ደግሞ በእኛ አገር አይወደድም። ለምን አትሞክረውም?

ሌላው፣ አብዛኛው የጋሪ አክስል የሚበላሸው ጋሪውን ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ ነድተው ስለሚያጥቡት ነው። ውኃውም በግራሶ ይበከላል፣ ኩሽኔታውም ይሞታል። ስንት ጊዜ ተናገርን፤ ማን ይሰማል!

መምህርት_ብረት

ባለጋሪው፣ ስለ ሐይቁ የተናገሩት ከልብ የሚደገፍ ነው። ሎሚውን ግን ለኩሽኔታ አልመክርም፤ ለብሎን፣ ለማጠፊያ፣ ለበር ቁልፍ ይሁን። አሲድ ዝገቱን ብቻ መርጦ አይበላም፤ ከዝገቱ ሥር ያለውን ጤነኛ ብረትም ይነካል። በመስተዋት ልክ የተወለወለው የኩሽኔታ ሩጫ አሲድ ውስጥ ካደረ ደብዝዞና ተቦርቡሮ ይወጣል። በዚያ ላይ አሲድና ብረት ሲገናኙ ሃይድሮጂን ይፈጠራል። ከፊሉ ወደ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ እንደ ኩሽኔታ የጠነከረን ብረት ደግሞ ተሰባሪ ያደርገዋል። ከላይ ሲያዩት የጸዳ ይመስላል፤ ጭነት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል።

ለዝገቱ የሚሻለው ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ዘይት ነው። ደብሊውዲ 40 ካለ ይሠራል። ከሌለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል የተደባለቀው ብዙ መካኒክ የሚመሰክርለት ነው። አሴቶኑ ስለሚተን በተጠቀሙ ቁጥር መቀላቀል፣ እሳትም አለማስጠጋት ነው። ናፍጣና ላምባም አይናቁ፤ ቀርፋፋ ናቸው እንጂ ይገባሉ። አክስሉን ከተቻለ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ያቁሙትና ዘይቱ በክብደቱ ወደ ክፍተቱ ይውረድ። ጠዋትና ማታ ጠብ ያድርጉበት፤ በየመካከሉ የአክስሉን ጫፍ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ያንኳኩ። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ ዘይቱ በስንጥቁ ይገባል። አንድ ሌሊት የሰጡት ሥራ በማግሥቱ ብዙ ላብ ያድናል።

ከዚያ ሙቀት። የከሰል ምድጃ አለኝ ብለዋል፤ ይበቃል። ውኃ አፍሉና በማንቆርቆሪያ ቀለበቱ ላይ ብቻ ዙሪያውን ያፍስሱ። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከመቶ ሺህ እጅ አንድ እጅ ከትንሽ ያህል ይሰፋል። የ7207 ቀዳዳ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበቱ ከ24 ዲግሪ ተነሥቶ 94 ቢደርስ ቀዳዳው 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ቁጥሩ ያሳንስ ይሆናል፤ ግን ዝገቱ የያዘበትን ማኅተም ለመስበር በቂ ነው። ዋናው ፍጥነት ነው፦ ቀለበቱ ሞቆ አክስሉ ገና ቀዝቃዛ በሆነበት ቅጽበት መሳብ አለበት። ሁለቱም እኩል ከሞቁ እኩል ይሰፋሉ፤ ድካሙ ከንቱ ነው።

መዶሻ_ያውቃል

መምህርት፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። 94 ከየት መጣ?

መምህርት_ብረት

100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ልክ ባለ ቦታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውኃም በ94 አካባቢ ይፈላል። ለዚህ ሥራ ጥቅሙ የእኛ ነው። ተራ ኩሽኔታ ከ120 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ይመከራል፤ የፈላ ውኃ ደግሞ ምን ቢያደርጉት ከዚያ አያልፍም። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በውኃ ቢሠራ አይሳሳትም።

ጋራዥ_ልጅ

ውኃ ማፍላት ምን ያስፈልጋል? አጠገቡ ካለ በያጅ የኦክሲጅኑን እሳት ተውሶ ቀለበቱን ቢያግለው በአንድ ደቂቃ ይወጣል። እኛ ሁሌ የምናደርገው ነው።

ቶርኖ_ሽምብጥ

የምታደርጉት ልትጥሉት ለወሰናችሁት ኩሽኔታ ነው። እሱ ትክክል ነው፤ ለሚጣል ቀለበት እሳት ጥሩ መድኃኒት ነው። ይህ ሰው ግን ማዳን ነው የጠየቀው። የኩሽኔታ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተሰጠው ሙቀት ነው፤ በእሳት ከዚያ ካለፈ ይለሰልሳል። ገለባ መሳይ ቢጫ ሲያሳይ ከ200 ዲግሪ አልፏል፤ ሰማያዊ ሲሆን 300 ገደማ ደርሷል። ቀለሙን አይተህ እሳቱን ስታነሣ የዘገየህ ነህ። ደግሞም ሌሊቱን ላምባና አሴቶን የጠጣ ቀለበት ላይ እሳት ማስጠጋት ምን እንደሚያመጣ አስበው፤ አጠገቡ ጀልባና የጀልባ ነዳጅ አለ።

የጣና_ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አክስሉን ከተሳቢው ፈትቼ በአንድ ጫፉ አቁሜዋለሁ፤ ዘይቱንም እየጠጣ ነው። የአክስሉን ገላ አጽድቼ ጨረስሁ። ያ ሁሉ ውፍረት ዝገት ነበር ለካ፤ ከተፋቀ በኋላ ከዳዶው ጥርስ ጀምሮ እስከ ቀለበቱ ድረስ ነጭ ብረት ሆኗል።

የቀረው ችግር ፑለሩ ነው። እግሮቹ ወፍራም ስለሆኑ ከቀለበቱ ኋላ አይገቡም። የሚይዙት ጋሽ ቶርኖ አትንካው ያሉትን ቆርቆሮ ነው። ሌላ መላ አለ?

ቶርኖ_ሽምብጥ

አለ። ቆንጆ ጋራዦች ውስጥ ለዚህ የተሠራ ለሁለት የተከፈለ ሰሌዳ ይገኛል፤ ከሌለ ግን በያጅ ቤት ይሠራል። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ውሰድ። ሁለት ቁራጭ አስቆርጥና በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ክብ አስወጣ፤ ሁለቱ ሲገጠሙ መካከላቸው ያለው ክብ ከአክስሉ ውፍረት ትንሽ የሰፋ ይሁን። የክቡን ጠርዝ በግራይንደር በአንድ ወገን አሹለህ ስለት አስመስለው። ግራና ቀኙን ብሳና ሁለቱን ሰሌዳ በረዥም ብሎን አያይዛቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀለበቱ የኋላ ማዕዘን ሹል አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በትንሹ ክብ ተደርጎ ነው። ጥፍር አይገባም ያልኸው ቦታ ላይ ስለቱ የሚያርፍበት ቦይ አለ ማለት ነው። ሰሌዳዎቹን እዚያ አስቀምጠህ ሁለቱን ብሎን በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ስታጠብቅ ስለቱ ራሱ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ቀለበቱን ከደረጃው ይገፋዋል። አንዳንዴ ከዚህ በላይ ሥራ አይጠይቅም። ካልሆነ የፑለሩን እግር ሰሌዳው ላይ ታስይዘዋለህ፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ሁሉ በቀለበቱ ጀርባ ላይ ያርፋል። የመኪና ሞላ ብረት ተጠቀም የሚሉህ ይኖራሉ። ጠንካራ ነው፤ መብሳቱ ግን ጥርስ ያስነክሳል። ተራው ብረት ለዚህ በቂ ነው።

የፑለሩን ዊንች (መካከሉ ላይ የሚዞረውን ረዥም ብሎን) ጥርስ ግራሶ ቀባው። የአክስሉ ጫፍ ላይ እንዳይፈነክት አንድ ወፍራም ሮንዴላ ወይም ቁራጭ ብረት አስገባ፤ ዳዶውንም በጥቂት ጥርስ መልሰህ እሰረው፤ ቀለበቱ ድንገት ሲፈናጠር ዳዶው ይይዘዋል። በሙሉ ጉልበት አትጨርሰው። አጥብቀህ አጥብቀህ መቀበል ሲያቆም ተወው፤ የዊንቹን ራስ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገህ ምታው፤ ትንሽ ጠብቀህ እንደገና ሩብ ዙር ጨምር። መወጠርና መጠበቅ ከመሳብ የበለጠ ይሠራል። ፊት ለፊቱ አትቁም፤ ከጎን ሁን።

መምህርት_ብረት

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ዳር አሣ ነጋዴዎች ዓሣ የሚያቀዘቅዙበት በረዶ አላቸው። ፑለሩ ተወጥሮ ሳለ የአክስሉን ጫፍ በበረዶ በሞላ ላስቲክ ይጠቅልሉት፤ አክስሉ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የፈላውን ውኃ ቀለበቱ ላይ ያፍስሱ። አንዱ ሲጠብ ሌላው ይሰፋል። ፑለሩ አስቀድሞ የተወጠረ ስለሆነ የመጣችውን ክፍተት ወዲያው ይጠቀምባታል። ላስቲኩ እንዳይቀደድ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

የጣና_ዳር

ወጣ!

ሰሌዳዎቹን ከተማ አስቆርጬ መጣሁ። በያጁ ምን ልትሠራበት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ አስረድቼው እሱም ለራሱ አንድ ጥንድ ሠራ። በሰሌዳዎቹ ብቻ ስሞክር አልተነቃነቀም፤ ሆኖም ስለቱ በደንብ ነከሰ። ፑለሩን አስይዤ ወጠርሁት፤ መቀበል ሲያቆም ተውሁት። በረዶውን ከአሣ ነጋዴዎቹ ስጠይቅ ለብረት መሆኑን ሰምተው በሳቅ ሞቱ፤ ግን ሰጡኝ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንሥቼ ማፍሰስ ስጀምር ከቀለበቱ ሥር ቡናማ ውኃ አረፋ እየደፈቀ ወጣ። ሁለተኛውን ዙር ሳፈስስ «ጧ!» የሚል የብረት ድምፅ ተሰማ። ደንግጬ ቀለበቱን ሰበርሁት አልሁ። ሳየው ከደረጃው የክብሪት እንጨት ያህል ተለይቷል። ከዚያ በኋላ ዊንቹን በሁለት ጣት ነበር ያዞርሁት።

ቀለበቱ ተቀምጦበት በነበረው ቦታ አክስሉ ላይ ጥቁርና ቀይ ዝንጉርጉር ቀርቷል፤ በእጅ ሲነካ ግን ጎድጎድ አይልም። አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ይህን ኩሽኔታ መልሼ ልግጠመው? በሞዞው ውስጥ የቀሩትን የውጭ ቀለበቶችስ ማውጣት አለብኝ?

መዶሻ_ያውቃል

ለአንድ ቀለበት በረዶና ማንቆርቆሪያ! እኔ በመሮ ጨርሼው ምሳ በልቼ እተኛ ነበር። ያም ሆነ ይህ እንኳን ወጣልህ።

ቶርኖ_ሽምብጥ

መጀመሪያ እጠበው፤ ከዚያ ይወሰናል። በላምባ ወይም በናፍጣ ዘፍዝፈህ በብሩሽ አሮጌውን ግራሶ አውጣ። ቤንዚን አትጠቀም፤ እሳቱም ያሰጋል፣ ዘይቱን ፈጽሞ አጥቦ ብረቱን እርቃኑን ስለሚያስቀረው ወዲያው መዛግ ይጀምራል። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በአየር ግፊት እያዞርህ አታድርቀው። ልጆች ድምፁን ስለሚወዱት ያደርጉታል፤ ያለ ጭነትና ያለ ዘይት በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከር ኩሽኔታ ሩጫው ይጫራል፣ አንዳንዴም ፈንድቶ ሮለሩ ይወረወራል። በጨርቅ አድርቀህ ወዲያው ቀጭን ዘይት ቀባው።

ከዚያ ብርሃን ወዳለበት ወጣ በልና እያንዳንዱን ሮለር እያዞርህ ተመልከት። የምትፈልገው ጉድጓድ ነው። የቀለም ለውጥ ብቻ ከሆነ፣ ጥፍርህን ስትጎትትበት የማይዝ ከሆነ፣ ይሠራል። ጥፍር የሚይዝ ነጥብ በሮለሩ ወይም በሩጫው ላይ ካገኘህ ግን ኩሽኔታው አልቋል፤ እንዴት አምሮ ቢወጣ ዋጋ የለውም። ሰማያዊ ቀለም ካየህም እንዲሁ፤ ከዚህ በፊት ግራሶ አጥቶ ጋሏል ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ የቆመ ተሳቢ ላይ የተለመደው ጉዳት ሮለሮቹ በቆሙበት ልክ እኩል እየተራራቁ የሚታዩ የዝገት መስመሮች ናቸው። ውኃው በሮለሩና በሩጫው መካከል ተይዞ ይከርማል። የውጩን ቀለበት የታችኛውን ወገን በተለይ እይ፤ ውኃ የሚተኛው እዚያ ነው።

የውጭ ቀለበቶቹ ንጹሕ ከሆኑ ከሞዞው አታውጣቸው። እነሱ በግፊት የገቡ ናቸው፤ ያለ ምክንያት ማውጣት ጉዳት መፈለግ ነው። ማውጣት ካስፈለገ ከኋላቸው በሞዞው ውስጥ ሁለት ክፍት ቦታ ይኖራል፤ በዚያ በኩል የመዳብ ዘንግ አስገብተህ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያልህ በቀስታ ምታ። ካዘነበለ ይነክሳል፤ ያዘነበለውን ወገን ትተህ ሌላውን ምታ።

የጣና_ዳር

አጥቤ አየሁ። የውስጡ ቀለበትና ሮለሮቹ ንጹሕ ናቸው፤ ሁለት ሮለር ላይ ደብዛዛ ጥላ አለ እንጂ ጥፍር አይይዝም። የውጩ ቀለበት ግን ጋሽ ቶርኖ እንዳሉት ነው። በታችኛው በኩል አምስት መስመር ጎን ለጎን ተሰልፏል፤ ሦስቱ ጥፍር ይይዛሉ።

ቶርኖ_ሽምብጥ

እንግዲያው አዝናለሁ፤ ጥንዱ ይለወጥ። የሾጣጣ የውስጥና የውጭ ቀለበት አብረው የኖሩ ናቸው። በተጎዳ ሩጫ ላይ ጤነኛ ሮለር ብታስኬድ ጤነኛውም ይከተላል። ሌላ የውጭ ቀለበት ብቻ ለማጣመርም አልደፍርም። ጀልባ ተጭኖበት በመንገድ መካከል ጎማ ከሚያዝ ዛሬ መክፈል ይሻላል። ያወጣኸውን ግን አትጣለው። ሳይሰበር በመውጣቱ ቁጥሩን አንብበህ፣ በካሊፐር ለክተህ ምትክ ትፈልግበታለህ። መሮው ቢገባበት ኖሮ ይህም አይገኝም፤ አክስሉም አብሮ በሄደ ነበር።

ፖሊ_የጥንት

ዘግይቼ መጣሁ፤ ግን ስለ ቁጥሩ ማንም ያላነሣው ነገር ስላለ ልጻፍ። ልጄ፣ ሱቅ የሰጡህ ኳስ ያለው ኩሽኔታ በእነሱ ጥፋት አይደለም። 7207 የሚለው ቁጥር በሁለት አቆጣጠር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ዛሬ ገበያውን በያዘው ዓለም አቀፍ አሰያየም በ72 የሚጀምር ባለ አራት አኃዝ ቁጥር በአንድ ወገን የሚገፋ ጭነት የሚሸከም የኳስ ኩሽኔታ ነው። በሶቪየት ደረጃ፣ ጎስት በሚሉት፣ ከፊት ያለው 7 ሾጣጣ ሮለር ማለት ነው። የእነሱ 7207 በዓለም አቀፉ 30207 ነው። እንደዚሁ የእነሱ 204 በዛሬው 6204 ነው፤ 7205 ደግሞ 30205።

አደገኛው ነገር መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም 7207ዎች ቀዳዳቸው 35፣ የውጭ ስፋታቸው 72 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው በካሊፐር ለክቶ ልክ ነው ብሎ ሊገጥመው ይችላል። ውፍረታቸው ግን ይለያያል፦ የኳሱ 17፣ የሾጣጣው 18.25 ሚሊ ሜትር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ብታባዛ ቀዳዳውን ይሰጥሃል፦ 07 ሲባዛ 35፣ 05 ሲባዛ 25። ይህ ከ04 ጀምሮ ይሠራል፤ ከዚያ በታች 00 አሥር፣ 01 አሥራ ሁለት፣ 02 አሥራ አምስት፣ 03 አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ናቸው።

ይህን የተማርነው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በነበረ ጊዜ ነው። ተቋሙ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ስለሆነ ማሽኖቹም ቁጥሮቹም የእነሱ ነበሩ። በየግቢው የወደቀ የዚያ ዘመን ብረት ዛሬም ተሳቢ፣ ጋሪ፣ ወፍጮ እየሆነ ይሠራል፤ ችግሩ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ማነሱ ነው። ሂድና 30207 ብለህ ጠይቅ። የብዙ መኪና ልክ ስለሆነ አይጠፋም።

የጣና_ዳር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 30207 አልሁ፤ ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ተገኘ። ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ ለካሁት፤ ልክ ነው። መጀመሪያ ኳሱን ያሳየኝ ሱቅም ነበረው፤ ያጣነው ቁጥሩን ነው እንጂ ዕቃውን አልነበረም።

ባለጋሪው

እኔም የጋሪዬን ቁጥር አሁን ሄጄ አነባለሁ። ግን ለጋሪ ሾጣጣ ይበዛበታል ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?

ፖሊ_የጥንት

እንዲያውም ሾጣጣ ሮለር የታወቀው በሠረገላ ነው። ሄንሪ ቲምከን የሚባለው አሜሪካዊ ሠረገላ ሠሪ ነበር፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያስመዘገበውም ለሠረገላ አክስል ብሎ ነው። ጋሪ ሲታጠፍ ጎማው ወደ ጎን ይገፋል፤ ሾጣጣ ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚገፋውንም ጭነት አብሮ ይሸከማል። ስለዚህ ባለጋሪው፣ አይበዛበትም።

መምህርት_ብረት

ከመግጠምዎ በፊት ውኃው በምን እንደገባ ይታወቅ፤ አለዚያ በሚቀጥለው መስከረም እዚሁ እንገናኛለን። ተሳቢው መንገድ ሄዶ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ሞዞው የሞቀ ነው፤ በውስጡ ያለው አየርም ሰፍቷል። ወዲያው ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ከኋላ ባለው የግራሶ መያዣ ጎማ በኩል ውኃ ይስባል። ይህ መያዣ ጎማ አዲስ ቢሆን እንኳ ከንፈሩ የሚያርፍበት የአክስል ገላ ዝገት ከበላው አይዘጋም። ከተማ ደርሰው ሲመለሱ ሞዞውን በእጅ ይዳስሱት፤ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሐይቁ አያስገቡት። ግራሶውም ውኃ የሚችል ይሁን፤ ዓይነቱ ከአሮጌው የተለየ ከሆነ አሮጌውን ሙልጭ አድርገው ያውጡ፤ አንዳንዱ ከአንዳንዱ ጋር ሲደባለቅ ቀጥኖ ይፈሳል። አዲሱን ግራሶ መዳፍ ላይ አድርገው ኩሽኔታውን በሰፊው ጎን እየጫኑ፣ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በሌላው በኩል እስኪወጣ ድረስ ያስገቡት። ከላይ መለቅለቅ አይቆጠርም።

የጣና_ዳር

የግራሶ መያዣው ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ በእርግጥ ተበልቷል፤ በቀጭኑ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። መያዣውንም አዲስ ገዛሁ። ዳዶውን ግን ምን ያህል ላጥብቀው?

ቶርኖ_ሽምብጥ

ሞዞውን በአንድ እጅህ እያዞርህ ዳዶውን በሌላው አጥብቅ፤ መክበድ ሲጀምር አቁም። ይህ ሮለሮቹን ቦታ ያስይዛቸዋል። ከዚያ ዳዶውን ላላ አድርግና በጣትህ ብቻ እስኪነካ መልሰው፤ ለኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ መላላት ነው የምትሄደው፣ ወደ መጥበቅ አይደለም። ጎማውን ገጥመህ ከላይና ከታች ይዘህ ስትወዘውዘው እጅህ ለጥቂት የምትሰማት እንቅስቃሴ ትኑር፤ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማታልፍ። ምንም ከሌለው ሲሞቅ ይያዛል። ኮፒሊያውን አዲስ አድርግ፤ አሮጌውን አቃንቶ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

የቀኙን ጎማስ ፈታኸው?

የጣና_ዳር

ነገ ነው። በረዶውን ከወዲሁ አዝዣለሁ።